መብራቱ የዋሸ ዕለት

የወይዘሮ እማዋይሽ ማንቆርቆሪያ ለምስክርነት ተወስዶባቸው ሻይ ካፋቸው ከራቀ ሰነበተ። የሚኖሩበት ሕንፃ ዕቃ በሙሉ፣ ከበር እስከ አሳንሰር፣ በአውጫጭኝ ተይዟል። ታችአምባ ውስጥ እንዲህ ሲሆን የሚገረም የለም፤ የሚያጉረመርም ግን ሞልቷል።

"ማንቆርቆሪያዬ ምን አየ ብለው ነው?" ይላሉ ላገኙት ሁሉ። "አቶ ወንድይራድን የገደለውን እጁን ይቁረጠውና፣ እኔ በሻይ ጥም ልለቅ?"

ታችአምባ የምድሩን ሙቀት ሸሽቶ ከቆላው አለት ሥር የተፈለፈለ ከተማ ነው። ድሮ አገር ቤት ወንጀል ሲፈጸም ሰዉ ዛፍ ሥር ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር፤ አውጫጭኝ የሚለው ስም ከዚያ የመጣ ነው። የታችአምባው ግን የሚሰበስበው ሰውን ሳይሆን ዕቃን ነው። እያንዳንዱ ዕቃ የነካውንና የተሸከመውን ያስታውሳል። "አውጫጭ" የተባለው መሣሪያ ደግሞ የሁሉንም ቃል ገጣጥሞ ለዳኛ ያቀርባል።

የአውጫጭ ባለሙያዋ ማንያህልሻል ናት። ሟቹ አቶ ወንድይራድ ደግሞ አባቷ ናቸው። የሟች ዘመድ ማስረጃ አይነካም ይላል ሕጉ፤ ስለዚህ አግደዋት ከችሎቱ የኋላ ወንበር ተቀምጣ ታዳምጣለች።

የአባቷ በር በግድያው ቀን ቀትር ላይ ጎረቤታቸውን ጉልላትን እንዳስገባ ተናገረ። አሳንሰሩ ጉልላት ሲወጣ ቀሎት፣ ሲወርድ ከብዶት እንደነበር መሰከረ። ክብደቱ የጤዛ ገንቦ ያህል ነው፤ ከአየር ውሃ እየጨመቀ የሚያጠራቅመው፣ ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን ለፍተው የገዙት፣ ከቤታቸው የጠፋው ገንቦ። የጉልላት ልብስ ማጠቢያም በዚያ ቀን የለበሰውን ሸሚዝ ደጋግሞ እንዳጠበ አልደበቀም።

"ከመግቢያው አላለፍኩም" ሲል መለሰ ጉልላት። "ጋሼ ዱቄት አዋሱኝ፣ ከረጢቱን ተሸክሜ ተመለስኩ። ሸሚዜንም ዱቄቱ አበላሸው።"

ይህ ሰው የአባቷን ቃሬዛ ተሸክሟል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ "አባቴ ነበሩ እኮ" እያለ ንፍሮ ቆርጥሟል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለእንደሱ ዓይነቱ ነው። ማንያህልሻል የምትፈልገው ፍርድ ብቻ አልነበረም። አንገቱን ደፍቶ፣ ሁሉ ፊት ተዋርዶ ማየት ነበር።

"ሰውዬው ገብቷል፣ ከብዶም ወጥቷል" አለ አውጫጭ፣ ከፍ ዝቅ በማያውቅ ድምፁ። "ሲገድል ያየ ግን የለም። የማድ ቤቱ መተላለፊያ መዝጊያ ስለሌለው ሌላ ሰው በዚያ ሊገባ ይችል ነበር።"

ዳኛ ልሳነወርቅ በረጅሙ ተነፈሱ። "የአካባቢ ማስረጃ ሰንሰለት ነው፤ አንድ ቀለበት ከጎደለው ሰው አላስርበትም። ነገ አዲስ ነገር ካልቀረበ አሰናብተዋለሁ።"

ጉልላት ሲወጣ አጠገቧ ቆም አለ። "አይዞሽ እህቴ" አላት።

ከሁሉ ያቃጠላት ያቺ "አይዞሽ" ናት። ዘበኛው ምሳውን ሲበላ የማስረጃ ዕቃ ቤቱን ከፍታ ገባች፤ መቆለፊያውን የሠራችው ራሷ ነበረች። የአባቷን መኝታ ቤት መብራት አንሥታ ትዝታውን ገለጠች። የዚያ ቀትር ቦታ ባዶ ነው። ለምን ባዶ እንደሆነ ለመጠየቅ ትዕግሥት አልነበራትም፤ በፈጠራ ትዝታ ሞላችው። ከተማው የቆመው "ዕቃ አይዋሽም" በሚለው እምነት ላይ እንደሆነ ታውቃለች። ይፍረስ! ደም መላሽ ወንድም የላትም፤ ያላት ይኼ እጇ ብቻ ነው።

በማግሥቱ መብራቱ ተጠራ።

"በእኔ ብርሃን ጉልላት ሽማግሌውን በብረት ሲመታቸው አይቻለሁ" አለ።

ጉልላት ከመቀመጫው ተፈናጠረ። "ውሸት ነው! መብራቱ ጠፍቶ ነበር!"



"እርግጥ ጠፍቶ ነበር" አለ አውጫጭ። "የኃይል ቆጣሪው ያውቃል። ግን ከመግቢያው አላለፍኩም ያለ ሰው የመኝታ ቤቱ መብራት መጥፋቱን በምን አወቀ?"

ጉልላት ተመልሶ ቁጭ አለ። "ጨለማ ስለነበር የተኙ መስሎኝ… ገንቦውን ብቻ ነበር የምወስደው። ድንገት ተነሡብኝ።"

ማንያህልሻል ደስ አላት። በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ዳኛው ጥፋተኛ ነህ ሲሉት እያንዳንዷን ቃል እንደ ውሃ ጠጣቻት።

"ክቡር ዳኛ፣ አንድ ነገር ይቀራል" አለ አውጫጭ። "ጠፍቶ የነበረ መብራት አየሁ ብሏል። ሰው አስተምሮታል ማለት ነው። የዕቃ ቤቱ ወለል ትናንት የሴት እርምጃ ተሰምቶታል። መቆለፊያውን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። ይህም ሰንሰለት ግን ቀለበት ስለሚጎድለው መብራቱ እንደገና ይሰማልኝ።"

መብራቱ ቦግ አለ። "አንዲት ሴት አቅፋኝ አለቀሰች። 'አባዬ፣ ጉልላትን ይቅር ብዬዋለሁ' አለች።"

"ውሸት ነው!" ማንያህልሻል መቆሟን እንኳ አላወቀችም። "አላለቀስኩም! ይቅርም አላልኩትም!"

ድምፅዋ ከአለቱ ጣሪያ ተላትሞ ወደ ራሷ ሲመለስ ነው ምን እንዳለች የገባት። ዘበኛው መጥቶ ክንዷን ያዘ።

ዳኛ ልሳነወርቅ ፊታቸው ገረጣ። "ዕቃ አይዋሽም አልነበረም እንዴ?" አሉ ወደ መሣሪያው ዞረው።

"አይዋሽም ነበር" አለ አውጫጭ። "ዛሬ ግን ሰው እውነቱን የሚያወጣው ሲዋሽበት መሆኑን አየን። ለመብራቱም፣ ለሌሎቹም ዕቃዎች ነግሬያቸዋለሁ።"

አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ቤቱ ስለተወው ዕቃ ያስብ ጀመር። ማንም ከማንም ጋር ዓይን ለዓይን አልተያየም።

ማንያህልሻልን ከጉልላት አጠገብ አስቀመጧት። ጉልላት አንገቱን እንደደፋ ነው።

"መብራቱ ይቅር አለችው ሲል" አላት በለሆሳስ፣ "አምኜው ነበር። ለትንሽ ጊዜ እንኳ ደስ ብሎኝ ነበር።"

የምትመኘው ይኸው ነበር፤ ተሰብሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሁሉ ፊት ተዋርዶ። ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ ስድቡ አልመጣላትም።

"ይቅር አልልህም" አለችው በመጨረሻ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየወረደ። "እስክሞት አልልህም።"

"ማንያህልሻል" አለ አውጫጭ፣ "ይህንን እውነት ብዬ ልመዝግበው?"