ስም ያልተጻፈበት መጠይቅ

ታቦር ሰፈር፣ ዳገቱ ላይ ባለች ባለሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አባትና ልጅ ብቻ ቀርተው ነበር። እናትየዋ ወይዘሮ ሙሉዓለም ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል። አቶ ሸዋንግዛው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ለታመመ የሚጸልዩ፣ ያዘነን የሚያጽናኑ። ሚስታቸው ከጸሎት በኋላ ሻል ሲላት፣ «ጌታ ፈውሷታል!» ብለው የስኳር መድኃኒቷን በገዛ እጃቸው ጣሉት። ወዮ! በሦስተኛው ሳምንት ቀበሯት። ታዲያ እኚህን አጽናኝ ማን ያጽናናቸው? «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን» ይላሉ፤ ጠያቂውም አምኖ ይሄዳል።

ልጃቸው ታቢታ የሳይኮሎጂ ተማሪ ናት። የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራው በጡረተኞች ድብርት ላይ ስለሆነ መቶ ሃያ መጠይቅ በትና ነበር፤ አባቷም እንደማንኛውም ጡረተኛ አንዱን ወሰዱ። ስም አይጻፍበትም። «ምላሽዎ ለማንም አይነገርም» የሚል ቃልም ከነፊርማዋ ፊት ገጹ ላይ አለ። አንድ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጣ መልሶቹን ኮምፒውተር ላይ ስታስገባ አርባ ሰባተኛው ላይ ደረሰች። «ብሞት ይሻለኛል ብለው ያስባሉ?» ለሚለው «ሁልጊዜ» የሚለው ተከቧል። ከሥሩ ደግሞ ማንም ሳይጠይቅ እንዲህ ተጽፏል፦ «ልጄ እስክትመረቅ ብቻ ነው የምቆየው።» የእጅ ጽሑፉ የአባቷ ነበር! አንደኛ ክፍል እያለች ደብተሯ ላይ ስሟን የጻፈላት ያ እጅ…

ምን ታድርግ? እንዳትናገር ቃል ገብታለች፤ ዝም እንዳትል አባቷ ናቸው! ከዚያን ቀን ወዲህ ታቢታ ጽሑፉ እንዳያልቅ ትፈራ ጀመር። አማካሪዋ «ጨርሰሻል፣ አስጠርዢው» ሲሏት «ትንሽ ላርመው» ትላለች፤ ለአባቷ ደግሞ «ዳታው ተበላሸብኝ» ትላለች። አባቷ መታጠቢያ ቤት ከቆዩ በሩን ታንኳኳለች። ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ ትንፋሻቸውን ቆማ ታዳምጣለች። እሳቸው ግን በየማለዳው ፈገግ ብለው «ስንት ገጽ ቀረሽ፣ የኔ ልጅ?» ይሏታል። አቤት ያ ጥያቄ! አሥራ አንድ ቀን እንዲህ አለፈ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አማካሪዋ መምህርት መቅደስ ፒያሳ ላይ ከአቶ ሸዋንግዛው ጋር ተገናኙ። ምስኪኗ መምህርት፣ ምን ያውቃሉ? ደስ ይበላቸው ብለው «እንኳን ደስ ያለዎት! የታቢታ ጽሑፍ እኮ አልቋል» አሏቸው። ታቢታ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ስትመለስ አባቷ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የቤቱን ካርታና የእናቷን ቀለበት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ጠበቋት።

«እንኳን ደስ ያለሽ። እንግዲህ ይሄ ሁሉ ያንቺ ነው።»

«አላለቀም፣ አባዬ! ውሸት ነው! አልጨረስኩም!» እያለች እግራቸው ሥር ተደፋች። መጠይቁን ከቦርሳዋ አወጣች። አቶ ሸዋንግዛው ሲያዩት ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ስም የለውም ብለሽን አልነበር?…»

«አባቴን ቁጥር አድርጌ ልለፈው? ቃሌን በላሁ፤ ይቅር በለኝ!»

«እናትሽን የገደልኳት እኔ ነኝ፣ ታቢ። ለሰው ሁሉ እዋሻለሁ… ያንቺ ወረቀት ላይ መዋሸት ግን አቃተኝ።»

«መድኃኒቱን ስትጥል አጠገብህ አልነበርኩም? እኔም እኮ አሜን ብያለሁ!»

አባትየው ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ታቢታ እጃቸውን ሳትለቅ ለመምህርቷ ደወለች። «የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ምስጢር አይጠበቅም ብዬ አላስተማርኩሽም? አሥራ አንድ ቀን ሙሉ!» ብለው እያለቀሱ ተቆጧት። ባጃጅ ይዘው መጡና ሦስቱም ሆስፒታል ሄዱ።

ሕክምናው ወራት ፈጀ። ታቢታ ካጠገባቸው ላለመራቅ ትምህርቷን አቋረጠች፤ ጓደኞቿ ጋዋን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ እሷ ከአባቷ ጋር የሐኪሙ በር ላይ ተራ ትጠብቅ ነበር። ዛሬም ስልክ ደውላ ቶሎ ካላነሱ ሥራዋን ጥላ ትሮጣለች። ዕድል እናቷን ነጠቃት፤ አባቷን ደግሞ ከነፍርሃቱ ተወላት። ይህን ማን ይመርጣል? ማንስ እምቢ ይላል? ጓደኞቿ በተመረቁበት በዚያ ቀን፣ የሐኪሙ በር አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አባቷ አንገታቸውን ደፍተው፣ «በእኔ ምክንያት ዓመት አለፈሽ» አሏት።

«ይለፈኝ» አለች ታቢታ፣ ክንዳቸውን ጥብቅ አድርጋ ይዛ። «አንተ ካለህልኝ ዓመት ሞልቷል።»