ኪቦርድ የሚመታው የጁማ ልጅ

ኢንሳፍ ኑርዬን ልብ ብላ ያየችው መብራት ጠፍቶ ነው።

ሐይቅ ከተማ፣ የጎረቤት ሰርግ ላይ ነበር። «ለውጥ መጣ» ተብሎ አገሩ ሁሉ ደስ ያለው ሰሞን። ያን ጊዜ የጁማ ልጆች ያልተጠሩበት ሰርግ የለም። ትልቁ ሐቢብ ይዘፍናል፤ እህታቸው መሪማ ትቀበለዋለች፤ ኑርዬ አንገቱን ደፍቶ ኪቦርድ ይመታል። አምባሰልን ሲጫወቱ ድንኳኑ ጸጥ ይላል።

መብራቱ ድርግም ሲል ኑርዬ ቀና አለ።

«እህት፣ በስልክሽ ታበሪልኝ? ሽቦው ጠፋኝ።»

ኢንሳፍ ደንግጣ ዐይኑ ላይ አበራችበት። እጁን ጋርዶ ሳቀ። በቃ... ያቺ ሳቅ ልቧን ይዛው ሄደች።

ከዚያ ወዲያ የጁማ ልጆች ባሉበት ኢንሳፍ አለች። ለእነሱ ብላ ውጫሌ ድረስ በሚኒባስ ወርዳለች። ልብስ ስፌቷ ላይ ሆና ዜማቸውን ታንጎራጉራለች። ሰው ሁሉ «ሐቢብን ወዳ ነው» አለ። ማን ይፈርዳል? ዐይን የሚገባው ፊት የቆመው ነው። ሐቢብም አመነና ሽማግሌ ላከ።

ይህን የሰማ ዕለት ኑርዬ ኪቦርዱን ከስፒከሩ ጀርባ አዞረ። ኢንሳፍ ጠላኝ ብላ አዘነች። ለአባቷ ለአብዱልሃሚድ «ለሐቢብ አልሆንም በሉልኝ» አለች እንጂ ምክንያቱን አልተናገረችም። ኮራች ተባለ። እሷም ሰርግ መሄድ ተወች።

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ጥቅምት፣ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከውጫሌ በኩል መጣ። ሐይቅ ቤቱን እየዘጋ ወጣ። ኢንሳፍ የታመሙ እናቷን ደግፋ መንገድ ዳር ቆማ ሳለ ሰው የጫነ አይሱዙ አጠገባቸው ቀስ አለ። የጁማ ልጆች ላዩ ላይ ናቸው። ኑርዬ ወረደ፤ ኪቦርዱንም አውርዶ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው።

«እማማ፣ እዚህ ጋ ይቀመጡ» አለ።

ሁሉም ተሳፍረው መኪናው ሲነሳ፣ ኑርዬ የተወውን ኪቦርድ ዞሮ እንኳ አላየውም።

ደብረ ብርሃን፣ ተፈናቃይ ያረፈበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ኢንሳፍ ብቻውን አገኘችው።

«ኑርዬ፣ ምን አድርጌህ ነው የተደበቅከኝ?»



«ወንድሜ ሽማግሌ ልኮብሽ... ዐይንሽን እያየሁ እንዴት ልምታ?»

«እኔ እኮ የምመጣው ላንተ ነበር።»

ኑርዬ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ለሐቢብ ማን ይንገረው ሲል ተጨነቀ። ኢንሳፍ ራሷ ሄዳ ነገረችው። ሐቢብ አልተቆጣም። «ወላሂ፣ ቀድመሽ ብትነግሪኝ ይሻል ነበር» ብሎ ተነስቶ ሄደ።

ሐይቅ ተመልሰው የኢንሳፍና የኑርዬ ኒካህ ታሰረ። ኪቦርድ የለም፤ በጭብጨባ ነው የተዘፈነው። ሐቢብ ለወንድሙ ብሎ አምባሰልን ጀመረ። መሐል ላይ ድምፁ ተያዘ። መሪማ ተቀብላ ጨረሰችለት። ሐቢብ በሳምንቱ ሥራ ፍለጋ ብሎ አዳማ ሄደ።

የጁማ ልጆች ከዚያ ወዲህ አብረው አልዘፈኑም። ሰርግ በመጣ ቁጥር ሰው ያነሳቸዋል፤ ኑርዬ ያን ሲሰማ ይተክዛል፤ ኢንሳፍም በኔ ሰበብ እያለች ትብሰለሰላለች።

በሁለተኛው ዓመት፣ ለአረፋ፣ በራቸው ተንኳኳ። ኢንሳፍ ከፈተች። ሐቢብ ነው፤ ከስቷል።

«እቴ፣ ወንድሜ አለ?» አላት።

እቴ አላት፤ እንደ እህቱ ጠራት። ኢንሳፍ በሩን ይዛ አለቀሰች፤ የዚያን ቀን ነው የተዳረች የመሰላት።