ቅርጫት ሥር የሞቱት ዶሮዎች

ጉልላት ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ ጠዋት፣ አዋሽ ከተማ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለው የሀምዳ ማረፊያ ቤት ነበር። ከአልጋው ወርዶ ወለሉ ላይ ተኮራምቷል፤ ከአፉ የወጣው አረፋ አገጩ ላይ ደርቋል፤ አንድ እጁ የአልጋውን እግር እንደጨበጠ ቀርቷል። ሰውየው የመንግሥት ጥጥ እርሻ ተቆጣጣሪ ነበር። በዚያ በደርግ ዘመን የመንግሥት ሰው ቤትሽ ውስጥ ሞተ ማለት ምን እንደሆነ ለሀምዳ የሚነግራት አላስፈለጋትም። ሬሳውን እንዳየች በሩ ሥር ተቀመጠች።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አዲስአለም ነገሩን ለመጨረስ ብዙ አልደከመም። ጓሮ ሲገባ የቆሻሻው ጉድጓድ አጠገብ የሞቱ ዶሮዎች አየ፤ አጠገባቸው ደግሞ ጉልላት ማታ በልቶ የተረፈው የምስር ወጥና እንጀራ ተደፍቷል። በቃ። ሰውየው ምግቡን በላ፣ ሞተ፤ ዶሮዎቹ ትርፍራፊውን ለቀሙ፣ ሞቱ። ምግቡን የሠራችው ሀምዳ ናት። ምክንያትም አላጣላትም፤ ጉልላት ይህ ቤት ትርፍ ቤት ነው፣ መወረስ አለበት እያለ በየስብሰባው ያነሳ ነበር። ከሰዓት በኋላ ላንድሮቨር መጥቶ ይወስዳታል ተባለ። ያ ላንድሮቨር ከአዋሽ የወሰደውን ሰው ሲመልስ ያየ የለም፤ ወዴት እንደሚወስድ የጠየቀም የለም። ሰው እንኳን ሊጠይቅ፣ ሲያልፍ ቀና ብሎ አያየውም ነበር።

የፖሊስ መርማሪው መቶ አለቃ ቢሰጥ በስልክ ተጠርቶ ከናዝሬት በባቡር የደረሰው ረፋዱ ላይ ነው። ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ባርኔጣው ሰፍቶት ጆሮው ላይ የሚያርፍ ሰው ነው። ባልደረቦቹ «ጫጩቱ» እያሉ ያሾፉበታል፤ እውነታቸውንም ነው፣ ቤቱ ውስጥ ዶሮ ያረባል፣ ስለ ዶሮ ተቅማጥ ማውራት ከጀመረም ማን ያስቆመው። ሚስቱ እንኳን ምግብ ቀርቦ ስለ ኩስ እንዳያወራ አስምላዋለች።

ሬሳውን አየና ብዙ አልቆየም። ጓሮ ሄዶ የሞቱት ዶሮዎች ፊት ተንበረከከ። ጓድ አዲስአለም ትዕግሥቱ አለቀ።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ሰው ነው የሞተብን።»

«ገብቶኛል» አለ ቢሰጥ፣ አንዷን ዶሮ ገልብጦ ከጅራቷ ሥር እያየ። «ግን ይቺን ይመልከቱልኝ። ኩሱ ላባዋ ላይ ደርቆ፣ በላዩ ላይ ሌላ ደርቋል። ይህ የአንድ ጠዋት ተቅማጥ ነው?»

ቢሰጥ ሁሉንም እያነሳ አያቸው። ሁሉም ከጅራታቸው ሥር እንደዚያው ናቸው። አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ገርጥቷል፤ ደረታቸው ሲዳሰስ አጥንት ብቻ ነው። ከርመው የታመሙ ዶሮዎች ናቸው። እዚያው ጓሮ ውስጥ ግን ሌሎች ዶሮዎች፣ ላባቸው የሚያብረቀርቅ፣ የወደቀውን እንጀራ እየጎተቱ ይጣላሉ።

ቢሰጥ ዞሮ ከድሩን ጠራው። ከድሩ የሀምዳ ሟች ባል ወንድም ነው፤ ቤቱ ውስጥ አስተናጋጅም፣ ገበያ ወጪም እሱ ነው። እጁን በሽርጡ እየጠረገ መጣ። የሞቱትን ማን እዚህ ጣላቸው ሲባል፣ «እኔ» አለ፤ ሀምዳ የታመሙትን ለይታ ትልቁን ቅርጫት ትደፋባቸው ነበር፣ ጠዋት ቅርጫቱን ሲያነሳ ሞተው አገኛቸው፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ብሎ ጉድጓዱ አጠገብ ወረወራቸው። ይህንን ለምን ለቀበሌው አልተናገርክም ቢባል፣ «ማን ጠየቀኝ፣ ጌታዬ» አለ። ቀበሌ ሳይጠይቅ የሚያወራ ሰው ያን ጊዜ ዕብድ ብቻ ነበር።

«ከእነዚህ ከደህነኞቹ አንዷን እረድልኝ» አለው ቢሰጥ።

ከድሩ ቢስሚላህ ብሎ አረደ። ቢሰጥ በኪሱ ቢላ የዶሮዋን አንገት ሥር፣ እህል የምታቆይበትን ከረጢት ቀደደው። ቀይ ምስርና እንጀራ ወጣ። ከሞቱት የአንዷን ደግሞ ቀደደ፤ ከውሃ በቀር ምንም የለም። ውሃውን አሸተተና ፊቱን መለሰ። ቅርጫቱ የነበረበት ቦታ ሄዶ የመጠጫቸውን ጣሳ አነሳ፤ ጠርዟ ላይ ነጭ ዱቄት ደርቋል። ጣሳዋን በወረቀት ጠቅልሎ አብሮት ለመጣው ፖሊስ አስያዘና እጁን በሳሙና ደጋግሞ ታጠበ።

ከዚያ የእርሻውን ክሊኒክ ድሬሰር፣ ሕመምተኛ አይቶ መድኃኒት የሚያድለውን እሸቴን፣ አነጋገረው። እሸቴ ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ ነው የመጣው። ጉልላት በምግብ መመረዙን አልተጠራጠረም፤ ዶሮዎቹም በሽታ ሳያመጡ ቶሎ ይቃጠሉ ብሎ ደጋግሞ መከረ። ጉልላት ሰሞኑን ክሊኒክ መጥቶ ነበር ወይ ሲባል፣ «ደጄን አልረገጠም» አለ። ይህንን ብሎ ሆዱን ይዞ ወደ ሽንት ቤት ሮጠ። ተመልሶ መጣ፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ሮጠ። ሙቀቱ ነው አለ።

የተባይ መድኃኒት መጋዘን ያዡ ወልደ ኢየሱስ ግን ለማውራት አልደፈረም። ሽማግሌ ነው፤ መርዝ የሚባል ነገር ሁሉ ከእሱ መጋዘን እንደሚወጣ ያውቃል፣ ቀጥሎ የሚታሰረው እሱ መሆኑም አልጠፋውም። ቢሰጥ ሰው ሁሉ እንዲወጣ አደረገና ጎኑ ተቀመጠ። ሽማግሌው ቀስ በቀስ ተናገረ። የጥጥ መርጫውን ዱቄት ለትኋን እያለ የማይለምነው የለም፤ ሰሞኑን ግን ከእሸቴ በቀር የወሰደ የለም። አርብ ቀን ደግሞ ጉልላትን ሆዱን ቆርጦት፣ ክንዱን ደግፎ እስከ ክሊኒኩ በር ያደረሰው ራሱ ወልደ ኢየሱስ ነበር።

ቢሰጥ መጨረሻ ላይ ሀምዳ ወደታሰረችበት ወደ ቀበሌው ክፍል ሄደ። ጥግ ይዛ ዱዓ ታደርጋለች። ሲገባ ላንድሮቨሩ የደረሰ መስሏት ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

«እህቴ ሀምዳ፣ የመጣሁት ስለ ዶሮዎቹ ነው» አላት። «ተቅማጥ ሲይዛቸው ምን ታደርጊያቸዋለሽ?»

ግራ ገብቷት አየችው። ከዚያ፣ ሌላ የምትለው ስላልነበራት፣ ነገረችው። ለይታ ቅርጫት ሥር ታደርጋቸዋለች። የድሮውን ውሃ ደፍታ ጣሳውን ታጥባለች። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጣ ውሃቸው ውስጥ ትጨምራለች፤ የሚበሉት ሩዝ ቀቅላ ትሰጣቸዋለች። የነጣውን ኩስ ከአረንጓዴው፣ ደም ያለበትን ከሌለበት ትለያለች። ስታወራ ድምፅዋ ትንሽ ተረጋጋ። ቢሰጥም አንገቱን እየነቀነቀ ሰማት፤ እሱም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

«ይህ ሁሉ እምቢ ሲልስ?»

የሻሿን ጫፍ ጨበጥ አደረገች።

«የእኔ ሚስት የሰው መድኃኒት ትሰጣቸዋለች» አለ ቢሰጥ። «ቴትራ። ካፕሱሉን ከፍታ ዱቄቱን ውሃ ላይ ትበትነዋለች። ቢጫ ይሆናል።»

ሀምዳ ዓይኗ እንባ ሞላ። «መቶ አለቃ፣ ይህንን ብናገር የሕዝብ መድኃኒት ለዶሮ ሰጠች፣ ሻጥረኛ ናት ይሉኛል። ባለፈው የመንግሥት ስኳር ደበቀ ያሉትን ሰውዬ የት አደረሱት?»

«ባትናገሪም እየወሰዱሽ ነው።»

ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ተናገረች። ማታ ጉልላት እራቱን ሲበላ ስለ ዶሮዎቿ አማረረችለት። ክፉ ቢናገርም ደግ ልብ ነበረው፤ የእኔም ሆድ እንደ ዶሮዎችሽ ሆኗል ብሎ ሳቀና ክሊኒክ ከሰጡት ካፕሱል አካፈላት። ሰውየው የራሱን ዋጠ። እሷ ጎህ ሲቀድ ለዶሮዎቹ ውሃ ላይ ከፈተች። ዱቄቱ ቢጫ አለመሆኑን አይታለች፤ አዲስ ዓይነት መድኃኒት ነው ብላ አለፈችው። ከሻሿ ጫፍ ቋጠሮ ፈታ የቀረችውን አንዲት ካፕሱል አወጣች። ቢሰጥ በወረቀት ተቀበላት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በሀምዳ ቤት አዳራሽ ተሰበሰቡ፤ ሀምዳንም ከቀበሌው አመጧት። ላንድሮቨሩ ደርሶ ውጭ ቆሟል፤ ሞተሩን አላጠፋም። በዚያ ድምፅ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን አይናገርም ነበር፣ ቢሰጥ ግን ተረጋግቶ ጀመረ።

«ትርፍራፊውን የበሉት ዶሮዎች አሁንም ጓሮ ውስጥ ይጮሃሉ፤ ይሰማችኋል። ምግቡ ንጹሕ ነው። የሞቱት ምግቡን አላዩትም፣ ቅርጫት ሥር ነበሩ። የገደላቸው የጠጡት ውሃ ነው። የታመመ ዶሮ ውሃ ላይ ነገር የሚጨምር ማነው? የምታክመው። ሀምዳ ይህንን ካፕሱል ጨመረችበት። ካፕሱሉን የሰጣት ጉልላት ነው፤ እሱም ከዚሁ ውጦ ሞተ። እሱ ከማን አገኘው?»

እሸቴ ከወንበሩ ተነሳ። «እሷ ሞልታው ይሆናል። እኔ ዘንድ አልመጣም ብያለሁ።»

«አርብ ዕለት ክንዱን ደግፎ በርህ ድረስ ያደረሰው ሰው እዚህ ተቀምጧል። የጥጥ መርጫ ዱቄት ለትኋን ብለህ ከመጋዘን የወሰድከው አንተ ነህ። ዶሮዎቹ ሳይከፈቱ እንዲቃጠሉ የቸኮልከውም አንተ ብቻ ነህ። ከድሩ፣ ቅድም የነገርከኝን ድገመው፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች እዚህ ሲበሉ ምን ነበር የሚያወሩት?»

ከድሩ አንገቱን ደፍቶ፣ የክሊኒኩ መድኃኒት በአሰብ መንገድ ባለችው ሎጊያ ከተማ በጥቁር ገበያ እንደሚሸጥ ሲያወሩ ጉልላት ሰምቶ፣ ሻጩ ማን እንደሆነ ማጣራት ጀምሮ ነበር አለ።

ቢሰጥ ካፕሱሏን ከውሃ ብርጭቆ ጋር ጠረጴዛው ላይ፣ ቶሎ መልሶ ሊነጥቃት እንዲችል ከራሱ እጅ ሳያርቅ አስቀመጠ። «እሸቴ፣ ሆድህ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈልህም። ይህ የሆድ መድኃኒት ነው፣ ክሊኒክህም ውስጥ ያለ ነው። የመጋዘኑ ዱቄት ከአንተ በቀር ማንም እጅ አልገባም፤ አንተ ካልሞላህበት ምን ያስፈራሃል?»

እሸቴ ካፕሱሏን አየ። ውጭ የላንድሮቨሩን ድምፅ ሰማ። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ያስገድለኝ ነበር» አለ። «ሻጥረኛ ብሎ ያስገድለኝ ነበር። ፈራሁ።»

ቢሰጥ ካፕሱሏን ወደ ኪሱ መለሰ። እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ ጓድ አዲስአለም ግን ባዶ እጁን መመለስ የሚወድ ሰው አልነበረም።

«የሕዝብ መድኃኒት ለዶሮ መስጠቷስ?» አለ፣ ወደ ሀምዳ እያየ። «ይህም እኮ ኢኮኖሚያዊ ሻጥር ነው።»

ሀምዳ የከድሩን ክንድ ጨበጠች። ውጭ ሞተሩ ይሰማል።

«የትኛው መድኃኒት?» አለ ቢሰጥ። «ካፕሱሉ ውስጥ መድኃኒት አልነበረም። የሀምዳ ዶሮዎች የሕዝብ መድኃኒት አልቀመሱም። እንደዚያ ብዬ ነው የምጽፈው።»

ሊቀ መንበሩ ወጥቶ ለሾፌሩ ምልክት ሰጠ። ላንድሮቨሩ እሸቴን ይዞ ሄደ፤ የአዋሽ ሰውም እንደልማዱ ቀና ብሎ አላየውም።

ቢሰጥ ባቡሩን ሲጠብቅ ጓሮ ገብቶ ቅርጫቱንና መሬቱን በአመድና በፈላ ውሃ አጸዳላት፤ ዱቄቱ የነካውን ሁሉ ቀበረው፤ ለወደፊት የታመመች ካጋጠማት ነጭ ሽንኩርቷ ይበቃል፣ ካልሆነም የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ናዝሬት ትላክ አላት። ሀምዳ እሺ አለች። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ዓመታት አልፈው መንግሥቱም ተለውጦ፣ ለዶሮዎቿ ውሃ በቀዳች ቁጥር ጣሳውን መሬት ላይ ከማስቀመጧ በፊት ከውሃው አንዴ ራሷ ትጎነጫለች።