የሲላስ ጆሮ

«ሰንሰል፣ ቶሎ በይ!»

ይርጋ ሞተሩን አላጠፋም። ከብት አዳቃይ ነው፤ የኮርማ ዘር በናይትሮጅን ጋን አቀዝቅዞ በየቀበሌው ይዞራል። ዲላ ውስጥ ያንን ብርማ ጋን አይቶ ደግሞ የሚያይ የለም። ከሞተሩ ኋላ ፈትቶ በክሊኒኩ የጓሮ በር አቀበላት።

እሷም ከጽዳት ጋሪዋ ሥር መንትያውን አወጣች። ይኸኛው የያዘው ሐዋሳ ካለው የዶክተር ሐያት ቤተ ሙከራ የተሰረቁትን ስቴም ሴሎች ነው። የሞተ የውስጥ ጆሮን መልሰው ያበቅላሉ የተባሉት። ገና ሰው ላይ አልተፈቀዱም። ዶክተር ባርናባስ ግን «ጆሮ የሚከፍት መርፌ» ብሎ የድሃ ልጅ ሁሉ ወጋበት።

ሲላስን፣ ታናሽ ወንድሟንም ወጋው። ሲላስ በአንድ ጆሮው እየሰማ መዘምራን ውስጥ ይዘምር ነበር። ከመርፌው በኋላ ያችንም አጣት። ይርጋጨፌ መንገድ ላይ የአይሱዙውን ጥሩምባ አልሰማም፤ እዚያው ቀረ። ሰንሰል ባርናባስን በገዛ እጇ ብታንቀው ደስታዋ ነበር።

«ዋርካ ሐዋሳ ቀርቶ ዱመርሶ ቡና ማጠቢያው ጋ አምጣው ብሏል» አለ ይርጋ። ዋርካ የሁለቱም የስለላ አለቃ ነው።

«ዱመርሶ እንዳትሄድ። ሐዋሳ፣ ለሐያት በእጇ ስጣት።»

«ትእዛዝ እኮ ነው!»

«በመጨረሻ ሰዓት ቦታ የቀየረ ሰው ልቡንም ቀይሯል። ንዳ!»

ነዳ። እሷ የኮርማውን ጋን በሌላው ቦታ አስቀመጠች። ሽርጧ ውስጥ ያለው ስልክ ክፍት ነው። የሚሰማው ዋርካ ሳይሆን ኢንስፔክተር ሸዋአለም ነው። ፖሊሶቹ መንገዱን ተሻግረው ቆመዋል። «ሲላስ» ስትል ይገባሉ።

እዚህ ክሊኒክ ስሟ ትንቢት ነው፤ መስማትም መናገርም የማትችል የጽዳት ሠራተኛ። ስልጠና ላይ ከኋላዋ ሰሃን ሰብረውባታል፣ እናቷን ሰድበውባታል። ንቅንቅ አላለችም።

ባርናባስ ከሞያሌ ለመጣው የሴሎቹ ገዢ ምሳ ጋብዟል። ቆጮው ቀረበ። ሰንሰል የማስታጠቢያውን ጆግ ይዛ ቆመች። ሌባው ጸሎት ይወዳል፤ ዓይኑን ጨፈነ። እሷም ጨፈነች።

«...ይህን ማዕድ ባርክልን። በኢየሱስ ስም!»

«አሜን» አለች።

ወይኔ!

የቡሌ ጸሎተኛ ቤት ልጅ ናት። ማዕድ ላይ አሜን ማለትን የተማረችው እናቷን «እማ» ሳትል ነው፤ የትኛው ስልጠና ያስረሳታል?

ባርናባስ ዓይኑን ገለጠና ፈገግ አለ።

«ትንቢትዬ! ለካ ትሰሚያለሽ?»

ዘበኛው ከኋላዋ ጠፍንጎ ያዛት። ባርናባስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካስቀረው ብልቃጥ መርፌውን ሞላ። በሌላ እጁ ስልኩን ድምፁን ለቆ ደወለ።

«ማን እንደላከሽ እስቲ ወዳጄን ልጠይቀው።»

ስልኩ ይጠራል። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ትድናለች። ግን አሁን ከተነፈሰች ስልኩን የሚያነሳው ያመልጣል። ጥርሷን ነከሰች።

መርፌው በቀኝ ጆሮዋ ገባ።

እሳት ነበር። ከዚያ ጩኸት። ከዚያ ምንም።

በግራዋ ግን የዋርካ ድምፅ መጣ። «የኔው ናት። ብዙ ታውቃለች፣ ጨርሳት። የወንድሟን ክስ እንዳፈንኩልህ የሷንም አፍናለሁ።» ስለ ጋኑ መቀየር ትንፍሽ አላለም፤ እውነተኛውን ብቻውን ሊሸጠው ነዋ! «እግዜር ነፍሷን ይማር» ብሎ ጨመረ።

«አሜን» አለች ሰንሰል። ከዚያ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። «ሲላስ!»

በሩ ተገነጠለ።

ዘበኛው ለቋት ሮጠ። ባርናባስ የጣለውን መርፌ ከወለሉ አነሳችና የባርናባስ ጆሮ ላይ ደገነች።

«በልጆቼ ይዤሻለሁ! በጌታ!»

«እኔም ወንድም ነበረኝ።»

«ተይው እህቴ» አለ ሸዋአለም። «ድምፁን ሁሉ ቀድተነዋል። ዕድሜ ልኩን ይከፍላታል።»

ባርናባስ ሱሪው እስኪረጥብ ድረስ መርፌውን ከጆሮው አላራቀችም። ደስ አላት። አዎ፣ ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል!

ገዢው ጋኑን እንዳቀፈ ተያዘ። ሲከፈት የቦረና ኮርማ ዘር ነው። «እንግዲህ ላም ይግዛ» ብሎ ሸዋአለም ሳቀ። ዋርካ ዱመርሶ ቡና ማጠቢያው ጋ ቆሞ ጋኑን ሲጠብቅ ካቴናው መጣለት።

ሐዋሳ ላይ ሐያት ጋኑን ተረከበች፤ የሰንሰልን ጆሮም አየች።

«የቀኙ ሞቷል። ምርምሩ ሲበስል መጀመሪያ የምጠራው አንቺን ነው።»

«መቼ?»

ሐያት ጋኑን ይዛ ወደ ቤተ ሙከራው ገባች። በአንድ ጆሮ ብቻ እየሰማ ድምፅ ከየት እንደመጣ የማይለይ ሰላይ ደግሞ ሥራ የለውም። ሰንሰል የስለላ መታወቂያዋን መለሰች።

ዲላ መናኸሪያ ረዳቱ ይጮሃል፦ «ይርጋጨፌ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ድምፁን ፍለጋ ወደ ግራ ዞረች። ረዳቱ በቀኟ መጥቶ ትከሻዋን ነካት።

«እናት፣ አትሰሚም እንዴ?»

«አልሰማም» አለች።

አልዋሸችም። ሲላስ ወደወደቀበት መንገድ በሚሄደው መኪና ተሳፈረች።