የእስቴው ባሕሩ፣ የስማዳው ባሕሩ

አባ ገብረ ሥላሴ ዓርብ ጠዋት ከእስቴዋ ከተማ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ ካለው ገደል ሥር ሞተው ተገኙ። ጉድ የሚያሰኘው ግን ወዲህ ነው፤ ዓይናቸው ተከድኗል፣ ሁለቱ አውራ ጣቶቻቸውም እንደ ወጉ በክር ታስረዋል።

«ወንበዴ ገድሎ አይገንዝም» አለ ኢንስፔክተር በላይነህ ክሩን ፈትቶ እያየ። በላብ የነተበ የአንገት ማተብ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብረት ሲንጠለጠልበት የኖረ ይመስል ተፍቋል።

ለእሑድ ሠርግ ተደግሶ ነበር። የአባ እኅት የልጅ ልጅ ሊድያ፣ ያውም የሦስት ወር ነፍሰ ጡር፣ የስማዳውን እንዳልካቸውን ልታገባ። ምን ያደርጋል፣ ዘር ሲቆጠር በሁለቱም ወገን ባሕሩ የሚባል አያት ወጣ። አንድ ሰው ከሆነ ሰባት ቤት አይሞላም፤ ጋብቻው ይፈርሳል። አባ ወደ ስማዳ ሄደው አጣርተው ዓርብ ሊናገሩ ነበር።

በላይነህ መጀመሪያ የአባን እኅት ጠየቀ።

«እማማ ውባንቺ፣ ከወንድምዎ ተጣልታችኋል አሉ።»

«ተጣልተናል። ሆዷ ሳይገፋ ዝም ብለህ ዳራት አልኩት። እሱ እቴ፣ ‹ሳላውቅ አልባርክም› አለኝ። እንቅልፍ የለኝም እኮ ልጄ።» አሮጌ ማተባቸው ከነመስቀሉ አንገታቸው ላይ አለ።

ሙሽራው ከስማዳዋ ከተማ ከወገዳ የደረሰው ሬሳው ከተነሣ በኋላ ነው። አባቱ አቶ ታምሩ ግን ከትናንት ጀምሮ እዚሁ ነበር። በክብሪት እንጨት ጆሮውን እየኮረኮረ መለሰ።

«የእኛ ባሕሩ ምጽዋ ወርዶ ባሕር አይቶ ስለመጣ ነው እንዲያ የተባለው። ባሕር በሌለበት አገር ይህ ስም ሌላ ከየት ይመጣል?»

«እንግዲያ የእነሱስ?»

ታምሩ ክብሪቱን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

«ማተብዎ አዲስ ነው።»

«ለሠርጉ ብዬ ነዋ።»

ከሰዓት በኋላ በላይነህ ሁሉንም ለሠርጉ በተጣለው ዳስ ሰበሰባቸው።

«ገዳዩ አባን ያከብራል፤ ሳይገንዝ መሄድ አልቻለም። ክር ቢያጣ የራሱን ማተብ በጠሰ። እማማ ውባንቺ፣ አቶ ታምሩ ለሽምግልና ሲመጡ አንገታቸው ላይ ምን ነበር?»

«የብር የጆሮ ኩክ ማውጫ» አሉ እማማ ውባንቺ።

«ዛሬ ጆሯቸውን በክብሪት ነው የሚኮረኩሩት። ኪስዎን ያሳዩኝ፣ አቶ ታምሩ።»

የብሩ ማውጫ ወጣ።

«ያጣሩትን ሳይናገሩ ይተዉት ብዬ ለመንኳቸው» አለ ታምሩ። «‹እንቢ፣ ነገ ለሁሉም ፊት እናገራለሁ› ብለው ሲሄዱ ገፋኋቸው። የልጅ ልጄ የዘመዳሞች ልጅ እንዳይባል ብዬ። የነፍስ አባት ናቸው፤ እንደ ውሻ ጥያቸው መሄድ አቃተኝ።»

በላይነህ ከአባ ኪስ ያገኘውን ወረቀት ዘርግቶ አነበበ። «የእስቴው ባሕሩ በጥምቀት ዕለት ከባሕረ ጥምቀቱ ዳር ስለተወለደ፤ የክርስትና ስሙ ተክለ ሃይማኖት። የስማዳው ምጽዋ ወርዶ ስለተመለሰ፤ የክርስትና ስሙ ኃይለ ሚካኤል። ሁለት ሰዎች ናቸው። ልጆቹ ይጋቡ።»

ታምሩ መሬት ላይ ተቀመጠ።

እማማ ውባንቺ የሊድያን እጅ ያዙ። «ተነሽ ልጄ። ዝምድናስ አልነበረም፤ አሁን ግን መካከላችን ደም ገባ።»

እንዳልካቸው ሊከተላት ተነሣ። መንገድ የሚለቅለት ሰው አጥቶ ተመልሶ ተቀመጠ።