የልጣጭ ቤቱ በር

ተረት አይደለም። በእርግጥ የሆነ ነገር ነው፤ የደረሰውም በእኔ ላይ ነው።

ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ ድምቅ ብላ፣ ልጆች መንገድ ላይ ኳስ ሲራገጡ... ማንም ሰው ክፉ ነገር በማይጠረጥርበት ሰዓት።

በቀላሉ የምደነግጥ ሴት አይደለሁም። በመርከብም በባቡርም ብዙ አገር ዞሬያለሁ፤ በማላውቀው ከተማ መንገድ ጠፍቶኝ፣ በራሴ ስስቅ ቆይቼ ተመልሻለሁ። ዛሬ ደግሞ ጊዜው አለኝ። የትም የምሄድበት ስለሌለ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው አንሥቼ እነግራችኋለሁ።

በምንኖርበት ሕንጻ ምድር ቤት አንዲት ክፍል አለች። ድሮ የውሃ ማሞቂያ ክፍል ነበረች ይላሉ። የሰፈሩ ሰዎች ተመካክረን የምግብ ትርፍራፊ መሰብሰቢያ አደረግናት። የድንች ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የደረቀ ዳቦ... ሁሉም በባልዲ ይመጣል፤ በርሜል ውስጥ ከሰጋቱራ ጋር እየተነባበረ ይብላላል፤ ከወራት በኋላ ጥቁርና ለስላሳ አፈር ይሆናል። ባልዲ ያመጣ ሁሉ ከአፈሩ ለአበባው የሚሆን ድርሻ ይወስዳል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ተረካቢዋ እኔ ነበርኩ። በዚህም ምክንያት ሰፈሩ «እትዬ ልጣጭ» የሚል ስም አወጣልኝ። ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዶ የተማረ ሰው መጨረሻው ይህ ነው እያልኩ ከእነሱ እኩል እስቅ ነበር።

ክፍሏ አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ አለቻት። ከውጭ ከእግረኛ መንገዱ ጋር እኩል ናት፤ ከውስጥ ግን ከአናቴ በላይ ነች። በብረት ታጥራለች፤ ባልዲ የሚያሳልፍ ክፍተት ብቻ ቀርቶላታል። ስለዚህ የሰዎቹን ፊት አላይም።

የማየው እጃቸውን ነው።

ልብስ ሰፊዋን መርፌ በበሳሳው ጣቷ፣ ጡረተኛውን መምህር በሚንቀጠቀጠው አውራ ጣቱ... ሁሉንም በእጃቸው ለይቼ አውቃቸዋለሁ።

የበሩም ነገር መነገር አለበት። ወፍራም የብረት በር ነው፤ የውስጥ እጀታው ተሰብሯል። የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ስለሆነ፣ እንዳይዘጋ ሁልጊዜ ጡብ እናስደግፈዋለን።

አንድ ነገር ደግሞ አለ... ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ያየሁት።

ጎረቤቶቼን ፀጉርና ጥፍር እንኳ አፈር ይሆናል ብላቸው አላምን አሉኝ። ላሳምናቸው ብዬ፣ ከማበጠሪያዬ ላይ የማነሣውን ፀጉር፣ የምቆርጠውንም ጥፍር ሁሉ ሦስተኛው በርሜል ውስጥ እጨምር ጀመር። ለወራት።

እህቴ አልወደደችውም። ታላቄ ናት፤ አብረን ነው የምንኖረው፤ እታለም እላታለሁ። እኔ ይህን ሁሉ ሽበት ተሸክሜ እሷ ዛሬም «አንቺ ልጅ» ነው የምትለኝ።

«አንቺ ልጅ፣ የገላሽን ነገር እንዲህ አትዝሪው» አለችኝ።

«ናይትሮጅን ነው፣ እታለም።»

«ስሙን አልጠየቅኩሽም።»

በዚያ ሳምንት እታለም ዓይኗን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት፣ ሁለቱም በፋሻ ታስረው ነበር። ሐኪሙ አጥብቆ አስጠንቅቆኛል፤ ፋሻውን ከእኔ በቀር ማንም እንዳይፈታው፣ ጠብታውም ሰዓቱን እንዳያልፍ። አለዚያ የዓይኗ ብርሃን ላይመለስ ይችላል።

እሷም በዚያ ጨለማ ውስጥ ሆና የምታምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ድምፄን።

ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ፣ ለጠብታው ሰዓት እደርሳለሁ ብያት ወረድኩ።

ሦስተኛው በርሜል ከወትሮው በላይ ይሞቅ ነበር። መሞቁ አይገርምም፤ የሚብላላ ነገር ሁሉ ይሞቃል። የገረመኝ ክዳኑ ነው።

ከፍ ይላል... ዝቅ ይላል።

ከፍ... ዝቅ።

እንደተኛ ሰው ደረት።

እንፋሎቱ ነው አልኩና የበሩን ጡብ አንሥቼ ክዳኑ ላይ ጫንኩበት። በሩ ባለበት ቆመ። ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም።

በዚህ መሃል የልብስ ሰፊዋ እጅ መስኮቱ ላይ መጣ። ባልዲዋን ልቀበላት ጀርባዬን ሰጠሁ።

ከኋላዬ...

ቀጭ።

ዞር ስል በሩ ተዘግቷል። ጡቡ መሬት ላይ ነው። ሲወድቅ ግን አልሰማሁም፤ አንድ ሰው ተጠንቅቆ ያስቀመጠው ይመስል ከክዳኑ ጎን ቁጭ ብሏል። ጠዋት እስከ አፉ የሞላሁት በርሜልም መሃሉ ተቦርቡሯል።

ሰው ከውስጡ ተነሥቶ የሄደ ያህል።

ልቤ ቢደነግጥም አፌ አልደነገጠም።

«የኔ ልጅ፣ በሩ ተዘጋብኝ። ዞረሽ በኮሪደሩ በኩል ክፈችልኝ» አልኳት።

«እሺ እትዬ፣ መጣሁ።»

ጫማዋ ሲርቅ ሰማሁ። ደረጃውን ወረደች። ኮሪደሩ ውስጥ ገባች። በሩ ጋ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት... ቆመች። ሳቀች።

«ወጡ እንዴ እትዬ? እኔ እኮ ተዘጋባቸው ብዬ እየሮጥኩ ነው።»

አንዲት ሴት መለሰችላት።

«ተመስገን፣ ወጣሁ። አንቺ ሂጂ፣ ሥራሽን አትፍቺ።»

ድምፁ የእኔ ነበር።

የእኔ ሳል። የእኔ ሳቅ። የቃል መጨረሻ የምጎትትበት ሁኔታ እንኳ ሳይቀር።

በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ጮኽኩ።

«ምንድነው የሚንኳኳው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ያረጀ ቧንቧ ነው» አለች ያቺ... በእኔ ድምፅ።

ጫማው ርቆ ሄደ።

ቀጥሎ የጡረተኛው መምህር እጅ መጣ። ለመንኩት። እሱም ቀልድ መስሎት እያጉረመረመ ዞረ፤ እሱንም ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችው። ስለ ጉልበቱ ጠየቀችው፤ የልጅ ልጁን በስሙ ጠርታ ደኅንነቱን ጠየቀች። እኔ የምጠይቀውን ሁሉ። ከዚያም አንድ ነገር ጨመረች።

«ልውጣ እንግዲህ። የእታለም ጠብታ ደርሷል... ፋሻዋን ልፍታላት።»

በርሜሉን ተደግፌ ቆምኩ። እንደ ሰው ገላ ይሞቅ ነበር።

እህቴ እላይ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ዓይኗ ታስሮ ተቀምጣለች። ያን ድምፅ ስትሰማ ፊቷን ቀና አድርጋ ትሰጣለች። ሳትጠራጠር።

መስኮቱ ላይ ሌላ እጅ መጣ። ዘበኛው ነበር፤ የባልቴቶችን ባልዲ እየተቀበለ የሚያመጣልኝ፣ ካልቀለደ የማያድር ሰው።

ብረቱን አልፌ እጁን ያዝኩት።

«ስማኝ» አልኩት በሹክሹክታ። «ዞረህ በሩን ክፈትልኝ። ኮሪደሩ ላይ እኔን ካገኘኸኝ... አታናግረኝ። አልፈኸኝ በሩን ክፈት።»

ሳቀ። «ዛሬ ምን ቀመሱ እማማ?»

«በእናትህ ይዤሃለሁ።»

ሳቁን ተወ። ሄደ።

ደረጃውን ወረደ። ኮሪደሩ ውስጥ ገባ። ድምፄ ሰላም አለው... አልመለሰም። ድምፄ ምነው ዘጋኸኝ አለው... አልመለሰም። እርምጃው ግን ፈጠነ።

በሩ ተከፈተ።

ፊቱ አመድ ለብሷል። ወደ ኋላው ላለመዞር አንገቱን አደንድኖ ቆሟል።

«አላናገርኳቸውም» አለ። «ሳልፋቸው ግን እጄን ያዙኝ... ይሞቃሉ።»

«ወዴት ሄደች?»

በጣቱ ወደ ላይ አመለከተኝ።

ያን ደረጃ እንዴት እንደወጣሁት፣ ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝም አላውቅም። የቤታችን በር ገርበብ ብሏል። እታለም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ረጋ ብላ። ፋሻው አዲስ ነው፤ ንጹሕ። ጠረጴዛው ላይ የብርቱካን ልጣጭ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ረጅም፣ አንድ ቦታ እንኳ ያልተቆረጠ። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲያ አድርጌ የምልጥላት እኔ ነኝ።

«እታለም... ማን ነበር እዚህ?»

«አንቺ ነሻ። ጠብታዬን አደረግሽልኝ፣ ብርቱካን አበላሽኝ፣ ውሃ ላምጣልሽ ብለሽ ወጣሽ።»

ማእድ ቤት ገባሁ። ማንም የለም። ቧንቧው ተከፍቶ ይፈስሳል፤ መታጠቢያው ላይ ጥቁር አፈር ቀርቷል።

ተመልሼ እጇን ያዝኩ። ግንባሯን ቋጠረች።

«ምነው ቀዘቀዝሽ?» አለችኝ። «ቅድም እንዴት ደስ የሚል ሙቀት ነበረሽ።»

ዓይኗ ዳነ። ሐኪሙ እንዲህ ቶሎ የዳነ ዓይን አላየሁም አለ። ዘበኛው ሥራውን ለቀቀ፤ ደኅና ሁኑ እንኳ ሳይል። የልጣጭ ቤቱም ተዘጋ፤ የተዘጋው በእኔ ጭቅጭቅ ነው። የሦስተኛው በርሜል አፈር ይጣል ብልም የሰማኝ የለም፤ ለየቤቱ ተከፋፈለ። ልብስ ሰፊዋ ለእታለም እንኳን ዓይንሽ በራ ብላ አበባ ተክላበት አመጣችላት። አሁን መኝታ ክፍሏ መስኮት ላይ ነው። ልጥለው ብል እንደ ሕፃን አኮረፈች።

የሚያመኝ ግን ሌላ ነው።

እህቴ አሁን በደንብ ታያለች፤ ክር በመርፌ ታስገባለች። ሆኖም እኔ ወደ ክፍሏ ስገባ በመጀመሪያ ዓይኗን ትጨፍናለች። እጇን ትዘረጋለች። እጄን ትዳብሳለች።

ከዚያ ትለቀኛለች።

«እ... አንቺ ነሽ» ትላለች። ቅር እያላት።

ዛሬም ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ብርቱካን ልልጥላት ማእድ ቤት ገባሁ።

ከኋላዬ...

ቀጭ።

እጀታው በባዶው ይዞራል።

ከግድግዳው ወዲያ የእታለም ድምፅ መጣ። «መጣሽ?» ትላለች። ከዚያ ረጅም እፎይታ... «ዛሬ እጅሽ ሞቋል።»

ጮኼ ጠራኋት።

«አጠገቤ ተቀምጠሽ ምን ያስጮህሻል?» አለች፤ እየሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቻለሁ።

አዲሱ ዘበኛ ጋ ደወልኩ። አሁን ሰላም ብለውኝ ወደ ላይ አልወጡም እንዴ አለኝ። ልብስ ሰፊዋ ጋም ደወልኩ፤ ስልኩን አንሥታ ገና ሳልናገር፣ «ቅድም እኮ ተጨዋወትን እትዬ» አለችኝ።

ስለዚህ ለእናንተ ጻፍኩ። በስልኬ፣ ማእድ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ።

ከእናንተ መካከል ሕንጻችንን የሚያውቅ ካለ ይምጣ። ሦስተኛ ፎቅ፣ መጨረሻ ላይ ያለው በር ነው፤ አይቆለፍም። ደረጃው ላይ ወይም ሳሎን ውስጥ እኔን ካገኛችሁኝ ሰላም እላችኋለሁ፤ ምናልባትም ስማችሁን እጠራለሁ። አታናግሩኝ። አልፋችሁኝ የማእድ ቤቱን በር ክፈቱ።

ብርቱካኑ እስካሁን እጄ ላይ ነው። ገና አልላጥኩትም።

በበሩ ሥር ግን... ረጅም፣ ያልተቆረጠ የብርቱካን ልጣጭ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ እየገባ ነው።

ነካሁት።

ይሞቃል።