የጋሼ የመጨረሻ አስተያየት

ሟች አንድ፣ ገዳይ ነኝ ባይ ሦስት። መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ እንዲህ ያለ ጉድ ገጥሟት አያውቅም።

ጋሼ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ መጽሐፍ የሚያነቡት በጆሯቸው ነው፤ በየሳምንቱም ስለሰሟቸው ትረካዎች ያላቸውን አስተያየት በስልካቸው ቀድተው ለንባብ ወዳጆቻቸው ይልካሉ። ዛሬ እህታቸው ከገበያ ስትመለስ ወንበራቸው ላይ እንደተደገፉ ሞተው አገኘቻቸው። ማዳመጫው ጆሯቸው ላይ፣ የአስም መድኃኒታቸው ጭናቸው ላይ ነበር። ስልኩ ትረካውን ቀጥሏል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት!» አለች እህታቸው ደረቷን እየደቃች። «አቧራ ስጠርግ መድኃኒቱን መስኮቱ ላይ ትቼው ወጣሁ። ወንድምጋሼን የፈጀሁት እኔ ነኝ!»

«ቆይ ቆይ» አለች መርማሪዋ። ባልደረቦቿ በዚሁ ቃል ነው የሚያሾፉባት። «መስኮቱ ላይ ከተዉት ጭናቸው ላይ ምን ይሠራል?»

እህትየዋ መስኮቱንና የወንድሟን ጭን አፈራርቃ አየች።

የጋሼ የድሮ ተማሪ የሆነው ደራሲ በረንዳው ላይ ይንቆራጠጣል። «ጠዋት በስልክ አዲሱን መጽሐፌን አጣጣሉት። ‹ታሪክህ ምዕራፍ ሦስት ላይ ሞቷል፤ አንተ ሬሳውን ተሸክመህ እስከ መጨረሻው ትዞራለህ› አሉኝ። ‹ጆሮዎንም ይንሳዎት!› ብዬ ዘጋሁባቸው። የገደላቸው የእኔ እርግማን ነው፤ ምነው ምላሴን በቆረጠው!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ማተሚያ ቤት ዋልኩ። ሠራተኞቹን መጠየቅ ትችያለሽ።»

«አስተያየታቸው ሁሌ እንዲህ ነው?»

«ክፉውን ያስቀድማሉ። ‹ግን› እስኪሉ መታገሥ ነው፤ ደጉ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። እኔ ዛሬ አልታገሥኩም።»

ሦስተኛዋ የእህታቸው ልጅ ናት። የደራሲውን መጽሐፍ በድምፅ የተረከችው እሷ ነች።

«እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ዛሬ እመጣለሁ ብያቸው ቀረሁ» አለች፣ ዓይኗን ከእናቷ እያሸሸች።

«ትረካ ሲሰሙ ያፈጥኑታል አሉ?»

«ሁሉንም! ቀርፋፋ ተራኪ እንቅልፌን ያመጣዋል ይላሉ። የእኔንም እንዲያ ሲያስሮጡት ያመኛል። አንዷን ዓረፍተ ነገር ለማሳመር ስንቴ ነው የምደጋግመው!»

መርማሪዋ ስልኩን መረመረች፤ ማተሚያ ቤቱም ጋ ደወለች። ከዚያ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ዛሬ እዚህ አንድ ሰው ነበር» አለች። «ጋሼ ቦታው የተለወጠ ዕቃ አያገኙም። መድኃኒቱን ከመስኮቱ ያመጣው የሚያይ ሰው ነው፤ ያመጣው ግን ዘግይቶ ነው። ከዚያ እየሰሙ ያሸለቡ እንዲመስሉ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረገ፤ ትረካውንም ከፈተ። ደራሲያችን ማተሚያ ቤት እንደነበር ተረጋግጧል። እሜቴ ደግሞ የወንድማቸውን ስልክ መክፈት አይችሉም። ትረካው የሚሄደው በመደበኛው ፍጥነት ነው፤ ጋሼ ደግሞ እንዲያ አይሰሙም። ድምፅሽ ሲሮጥ የሚያምሽ አንቺ ነሽ፣ እህቴ።»

ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«‹ታሪኩን ሳታምኚበት ነው ያነበብሽው› አሉኝ። ደሜ ፈላ፤ ጮህኩባቸው። ሳል ያዛቸው። እጃቸውን ዘርግተው መድኃኒቱን ፍለጋ ሲዳብሱ አየኋቸው። መስኮቱ ላይ ይታየኛል። መጀመሪያ የልቤን ልጨርስ ብዬ ተናገርኩ፣ ተናገርኩ… ሳመጣላቸው መያዝ አቃታቸው።»

«እኔ ገደልኩት እያልኩ ስጮህ ዝም ብለሽ አየሽኝ?» አለች እናቷ።

«አዎ፣ እማዬ። ዝም አልኩ።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ፍጥነቱን ግን አልነካሁም። ከፈትኩት እንጂ አልነካሁትም!»

መርማሪዋ ግንባሯን ቋጠረች። ደራሲው ስልኩን ተቀብሎ ትንሽ ፈለገና ያልተላከ የአስተያየት ቅጂ አገኘ። የጋሼ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው።

«በዚህ ሳምንት የሰማሁት የመርከበኛ ታሪክ ባሕር እንጂ ሰው የለበትም። ወደ ተማሪዬ መጽሐፍ ልምጣ። ተራኪዋ የእህቴ ልጅ ናት፤ አዳላ እንዳትሉኝ ክፉውን ላስቀድም። መጀመሪያው ላይ ታሪኩን አላመነችበትም። ግን እናትየው ልጇን የምትሰናበትበት ላይ ስትደርስ፣ ፍጥነቱን ወደ ቦታው መለስኩት። ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ማንንም እንዲህ ተረጋግቼ አልሰማሁም። ዛሬ ስትመጣ በአፌ እነግራታለሁ።»

«ፍጥነቱን ተሳስቻለሁ» አለች መርማሪዋ፣ እያፈረች። የሰማት የለም።

ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛለች።

«እማዬ» አለች፣ «‹ግን› ሊሉኝ ነበር።»